እሳት የተፋው ጉድጓድ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ክረምት ከሶዶ ገበያ ስመለስ ጎረቤቴን አቶ አንጁሎን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጅብ በዱላ የሚያባርሩ ደፋር ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ደጋግመው ወደ ኋላቸው ይገላመጡ ነበር።

«መምህር፣ ቤቴን ጥዬ ጠበላ ከተማ ወንድሜ ዘንድ ልወርድ ነው» አሉኝ።

«አባትዎ የተከሉትን እንሰት ጥለው?»

«ጓሮዬ እሳት ተፋ እኮ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቦሼ ከእንሰት ቡላ ሲጨምቁ የሚተርፈውን ውሃ ጓሮ ካለ ጉድጓድ ይደፉታል። አቶ አንጁሎ ሽታው ቢያስመርራቸው እበት ደባልቀው፣ ልክ እንደ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ድንጋይ ጫኑበት። ከሳምንታት በኋላ ወይዘሮ ቦሼ ፍም ይዘው ሲያልፉ ጉድጓዱ ቦግ ብሎ የቀሚሳቸውን ጫፍ በላው። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ስሰማ አማተብኩ።

«እስቲ ያሳዩኝ» ብዬ አብረን ቤታቸው ስንደርስ የወንድማቸው ልጅ ዳና ጉድጓዱ አጠገብ ቆሟል። ከእርሻ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቶ ነው።

«አጎቴ፣ ሰይጣን አይደለም። አየር በሌለበት የተብላላ ነገር የሚነድ ጋዝ ያወጣል» አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቆጮ ቀብሬያለሁ፤ መቼ ነደደ?»

«ቆጮ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣው ጋዙን ይከለክላል። እዚህ ግን እበት ጨመሩበት፤ እበቱ ኮምጣጣውን አበረደው።»

«ታዲያ አይገድልም ልትለኝ ነው?»

«ይገድላል። የገባበት ይታፈናል፣ ፍም ያስጠጋ ይቃጠላል። መፍራትዎ ልክ ነው። ግን ጥለውት ቢሄዱ፣ ነገ ቤቱን የሚይዘው ሰው ምን ያውቃል?»

አቶ አንጁሎ ሣር ክዳን ቤታቸውን ቀና ብለው አዩ። «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አሉ።

ጉድጓዱ ላይ በርሜል ደፍተን፣ ከቤቱ ርቆ ወደተሠራ ምድጃ ቱቦ ዘረጋን። በሳምንቱ በርሜሉ ጋዝ ሞልቶት በራሱ ከፍ ሲል ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዳና አየር የተቀላቀለበትን የመጀመሪያውን ጋዝ ለቀቀና ክብሪት ዘረጋላቸው። አቶ አንጁሎ እጃቸው እንቢ አለ።

ወይዘሮ ቦሼ ነጠቁት። «ቀሚሴን የበላ እሱ ነው፤ ይካሰኝ!»

ጭስ የሌለው ሰማያዊ ነበልባል ወጣ። የጣዱበት ጎመን ተንተከተከ።

ዛሬ ወይዘሮ ቦሼ እንጨት ፍለጋ ዳሞታ ተራራ አይወጡም፤ ዓይናቸውም በጭስ አያለቅስም። የገማው ውሃ ወደ መንደሩ ምንጭ አይወርድም፤ ዝቃጩም እንሰቱን ያፋፋል። አቶ አንጁሎ ግን መፍራታቸውን አልተዉም። ትናንት አንድ እንግዳ ፍም ይዞ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ሮጠው አገዱት።

«ሰይጣን አለ እንዴ?» አለ እንግዳው።

«ሰይጣንስ የለም፤ ምድጃዬ ነው። ፍሙን መልስ!»