ጸጥ ያለው ወፍጮ

(ደብረ ብርሃን፣ የፋሲካ ሰሞን ከሰዓት በኋላ፤ የወፍጮ ቤት ባለቤቷ እትዬ የሺመቤትና አጥር የሚጋራቸው የሜካኒካል ምህንድስና የዶክትሬት ተማሪ መክብብ፣ ከውስጥ ወፍጮው እየጮኸ፣ ደጁ ላይ ቆመው ይነታረካሉ።)

የሺመቤት፦ ምን ሆነህ ነው ልጄ? ሰው ለበዓል እህሉን ተሸክሞ ተሰልፎ ባለበት ቀን ሞተሬን ነቅለህ ልትሄድ?

መክብብ፦ ኧረ ሞተሩን አላልኩም እትዬ የሺ! የመንቀጥቀጥ መለኪያዬን ነው። ያቺን የክብሪት ቀፎ የምታክለውን፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ በማግኔት የለጠፍኳትን።

የሺመቤት፦ እሷን ነው? «ነቅዬ ልውሰድ» ብለህ ስትጀምር እኮ ልቤ ዱብ አለ።

መክብብ፦ ልኬቱ አበቃ፤ አማካሪዬም ተቀብሎታል። በዓሉ እንዳለፈ ፈታኞቹ ፊት እቆማለሁ። ከዚያ ዶክተር ነኝ።

የሺመቤት፦ እሰይ! እኔማ ዶክተር ስልህ ዓመት አለፈኝ፤ ከነሱ ቀድሜ መርቄሃለሁ። በሽተኛህስ እንዴት ሆነ? ወፍጮዬ?

መክብብ፦ ድኗል። ታኅሣሥ ላይ መንቀጥቀጡ በየቀኑ ሲብስበት ዘንጉ ውስጥ ስንጥቅ አለ ብዬ ፈርቼ አልነበር?

የሺመቤት፦ ፈርተህ አስፈራራኸን እንጂ። ቶርኖ ቤት ድረስ ሄጄ አዲስ ዘንግ አዘዝኩ።

መክብብ፦ ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ሲቀየር ግን መንቀጥቀጡ ጭጭ አለ። ስንጥቅ ቢኖር ጭጭ አይልም። ለዚያ ነው አዲሱን ዘንግ ይተዉት ያልኩዎት። የጥናቴም ዋና ግኝት እሱ ነው።

የሺመቤት፦ ተውነዋ። ወንድሜ ጌጡ «ይሄ ነገር ያቃስታል» እያለ ሲያመነታ እንኳ፣ ምንም አይሆንም ያልከውን ነግሬ አፉን አዘጋሁት።

መክብብ፦ ምንም አይሆንም።

የሺመቤት፦ ሰሞኑን ግን ብርጭቆዎቼ ወፍጮ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይጨፍራሉ። በጾም!

መክብብ፦ የበዓል ሥራ በዝቶበት ነው። መለኪያዋ በየደቂቃው ስልኬ ላይ ትነግረኛለች። ይኸው፣ ይዩት መስመሩን።

የሺመቤት፦ ቀጥ ያለ ነው። የኔን ወፍጮ አይመስልም፤ ጠግቦ የተኛ ሰው ይመስላል።

መክብብ፦ በሉ ገብቼ ላንሳት።

የሺመቤት፦ በዚህ በኩል ና፣ ወደ ጓዳ ነው።

መክብብ፦ ጓዳ?

የሺመቤት፦ የሽሮ ጣሳ የማስቀምጥበት የብረት መደርደሪያ ላይ ለጥፌያታለሁ። አትቆጣ፤ ገበያተኛ አስበረገገችብኝ። አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ባለ ቁጥር «የግብር ሰዎች ናቸው ያስቀመጧት፤ ማን ስንት ኩንታል እንዳለው ትመዘግባለች» ተባለ። ግማሹ ሰው ወደ ታችኛው ወፍጮ ኮበለለ።

መክብብ፦ መቼ ነው ያነሷት?

የሺመቤት፦ አዲሱ ኩሽኔታ የገባ ቀን። ጌጡ ሲፈታታ አወለቃት፤ እኔ ደግሞ እዚያው ጓዳ ትቅር አልኩ። አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ ትሰማለች ብዬ።

መክብብ፦ እትዬ የሺ...

የሺመቤት፦ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?

መክብብ፦ ወፍጮው ሲነሳ ትነቃለች፣ ሲቆም ትተኛለች። በግድግዳው በኩል ይደርሳት ነበር ማለት ነው። ለዚያ ነው ያልጠረጠርኩት። የስንት ዓመት ልፋቴ...

የሺመቤት፦ ሽሮዬን ስትለካ ከረምክ? አጥር ለአጥር ሆነን አንድ ቀን ጎራ ብለህ ማየት አቃተህ?

መክብብ፦ ፈታኞቹ ይሄን ከሰሙ አለቀልኝ። እባክዎ ለማንም አይንገሩ፤ ቢያንስ በዓሉ እስኪያልፍ...

የሺመቤት፦ ቆይ። ቆይ ልጄ። ሽሮዬ ደህና መሆኑን ሰማሁ። ወፍጮውስ?

መክብብ፦ አላውቅም።

የሺመቤት፦ አታውቅም?

መክብብ፦ ስንጥቁ ካለ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሲሰፋ ከርሟል፤ ዘንጉ ተሰብሮ ሊወረወር ይችላል። አሁን ውስጥ ያለው ማን ነው?

የሺመቤት፦ ጌጡ ነዋ። ዘንጉ ሥር ቁጭ ብሎ።

መክብብ፦ ወፍጮው ይጥፋ! አሁኑኑ ይጥፋ! የተሰለፉት ሴቶችም ከእህል መቀበያው መስኮት ይራቁ!

የሺመቤት፦ እናንተ! ከመስኮቱ ፈቀቅ በሉ! ፈቀቅ! ጌጡ! አንተ ጌጡ!... አይሰማም። ቢሰማም የሰው እህል ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ ሳይፈጭ አያቆምም፤ ከአባታችን የወረሰው ሕግ ነው። አጥፋ ብለው ደግሞ ያንተኑ ቃል ይመልስልኛል።

መክብብ፦ ማጥፊያው የት ነው?

የሺመቤት፦ ከጀርባው። በዘንጉ አጠገብ ታልፋለህ።

መክብብ፦ ከውጭ የሚጠፋበት የለም?

የሺመቤት፦ የመብራት ምሰሶው ላይ ካልወጣህ የለም።

መክብብ፦ ድምፁ... ድምፁ ተለወጠ አይደል?

የሺመቤት፦ እህሉ ሲያልቅ እንዲህ ይላል። አሁን ግን እህሉ አላለቀም።

መክብብ፦ እትዬ የሺ፣ እዚያ ውስጥ መግባት እኮ...

የሺመቤት፦ ግባ እንጂ ዶክተር። ምንም አይሆንም ብለህ የለ?