አውራ ጣቴ የሰመጠበት ጠጠር

«ልጄ፣ ዓይን ይሸነገላል፤ አውራ ጣት ግን አይሸነገልም።»

ይህን ያሉኝ ቅቤ ነጋዴዋ እማማ አንጓች ናቸው። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ቅቤ ግዢ ብላ ደባርቅ ቅዳሜ ገበያ ልካኝ፣ ቢጫ መሆኑን ብቻ አይቼ እሺ ስላቸው እጄን ያዙና አውራ ጣቴን ከቅቤው ላይ ጫኑት። የእኔም ቢሆን ሳትነኪ አትግዢ አሉኝ።

አሁን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ተውኩት። ትንሿን ከወለድኩ ወዲህ ቀኝ ጎኔን ሲያመኝ ከርሞ ሐኪም ቤት ብሄድ የሐሞት ጠጠር ነው፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ብለው ለጎንደር ቀጠሮ ጻፉልኝ። ፈራሁ። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ እማማ አንጓች ጠጠራቸውን በዘይትና በሎሚ ጠራርገው አወጡት ይላል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይትና አራት ሎሚ በፌስታል ይዤ፣ ልጄን አዝዬ፣ እንዴት እንደሚጠጣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መጠኑን እንዳልረሳው ደብተርም ይዤ ነበር። እሳቸው መጠኑን አልነገሩኝም። የነገሩኝን ግን እንዳሉት ጽፌዋለሁ።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ የሆድ መድኃኒት አንድ ነበር፤ ኮሶ። ሆድሽን ቆረጠሽ፣ ኮሶ። ጎንሽን ያዘሽ፣ ኮሶ። ባልሽ አስቀየመሽ፣ ኮሶ። ሳቂ፣ ሳቂ፤ ልጅቱን እንዳትቀሰቅሻት ብቻ። እናቴ በማለዳ ታቀርብልኛለች፤ ታዲያ «ፊትሽን አታጨፍግጊበት፣ መድኃኒቱ ይቀየምሻል» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሳልተነፍስ ጭልጥ። እና ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ጌታ ነው። አይታዘዝም፣ እንግዳ አይቀበልም፤ ከአጥር ውጭ የት አለች ቢሉ፣ ኮሶ ጠጥታለች ከተባለ ዳኛም አይጠራት። ታዲያ እኔ በዚያ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መራራ ነገር ፊቴን ሳላጨፈግግ መጠጣት ያኮራኛል። ጻፍሽው? ጻፊው፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣ።

እና ይህ በሽታ መጣ። የፋሲካ ለት ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ጾሜ፣ ቅቤው ከላዩ የሚዋኝበት ዶሮ ወጥ በልቼ፣ እጄን ሳልታጠብ እዚህች፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ አንድ ነገር ጨበጠኝ። ወጋኝ አይደለም የምልሽ፤ ጨበጠኝ። ወደ ጀርባዬ ዞረና ትከሻዬን ያዘኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ፊትሽን አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ቅቤ በቀመስሁ ቁጥር ይጨብጠኝ ጀመር። እስቲ አስቢው፣ አርባ ዓመት ቅቤ የሸጠች ሴት ቅቤ ጠላት ሆነባት። ገበያ ላይ ደንበኞቼ፣ አንጓች ራሷ የማትቀምሰውን ቅቤ ማን ይገዛል እያሉ ተሳለቁብኝ። ይህ ከሕመሙ ባሰብኝ። እና እዚሁ ሐኪም ቤት ሄድሁ። አንድ ልጅ እግር ዶክተር ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ፣ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር እያየ፣ እናቴ፣ በሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ጠጠር አለ፣ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት አለኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ስድስት ስወልድ ምላጭ ያልነካኝ ሴት ነኝ» ብዬው ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከኋላዬ እማማ፣ እማማ ይለኛል። አልዞርሁም።

ታዲያ ያን ጊዜ እዚህ ግቢዬ ውስጥ አንድ አስተማሪ ተከራይቶ ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ለክፋት አላደረገውም። ስልኩን በጣቱ እየገፋ፣ እየገፋ፣ እንዲህ፣ «እማማ፣ ይኸው ተጽፏል። ኦፕራሲዮን ምን ያደርግልዎታል? የወይራ ዘይትና ሎሚ በባዶ ሆድ ነው፣ ጠጠሩን ጠርጎ ያወጣዋል። ናቹራል ነው» አለኝ። ናቹራል ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እንደ ኮሶ ማለት ነው አለኝ። በቃ። በዚህች ቃል ያዘኝ።

እና በማለዳ ተነስቼ፣ ፊቴን ሳላጨፈግግ፣ ያንን ዘይት በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ። ኮሶ ይሻላል፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮሶ ይሻላል። ታዲያ ከቀትር በኋላ ጓሮ ወረድሁ፣ ጠጠሩም ወረደ። አረንጓዴ ነው፣ አንዳንዱ ሽምብራ የሚያህል፣ አንዳንዱ ባቄላ የሚያህል። አትፈሪ፣ ጻፊው፤ ሁሉም ሰው ጓሮ ይወርዳል። ሰባት ነበሩ። በወንፊት አጠብኋቸውና፣ ወንፊቱን ጥያለሁ እሺ፣ ብርጭቆ ውስጥ አኖርኋቸው።

ሰፈሩ ሰማ። እንዴት አይሰማ፤ የነገርኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። እና ሴቶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ገንፎ አገንፍተው መጡ። እንደ አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። አንዷ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ እያየች፣ እልልታው ስንት ይሁን፣ ለጠጠር የሚባለው እንደ ወንድ ልጅ ነው እንደ ሴት ብላ ጠየቀች። ተከራከሩ እኮ፣ ልጄ። እኔም አልጋዬ ላይ ተደላድዬ ገንፎውን ከነቅቤው በላሁ። ምንም አላለኝም። ወር ሙሉ ምንም አላለኝም። ይህ በሽታ እየመጣ የሚሄድ እንደሆነ ያኔ ማን ነገረኝ? እኔ የማውቀው ጠጥቼ ማውጣቴን ነው። በመንገድ ሳልፍ ሰው ያየኝ ነበር፤ እኔም አካሄዴን አሳመርሁ።

አሁን የሻረግን ጻፊ። የሻረግ የዳባት ሴት ናት፤ ዱሮ ቅቤ አብረን ነው የነገድን። በዕድሜ ስለምበልጣት እታለም ነው የምትለኝ። እሷንም ያው የሐሞት ጠጠር ነው ብለዋት፣ እንዳንቺው ለጎንደር ቀጠሮ ይዛ ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እኔ። ከዚህች ሥር አስምሪበት። ዘይቱን በገዛ እጄ ይዤላት ሄድሁ፣ ጠጣች፣ እሷም አወጣች። ዘጠኝ። በሁለት በለጥሁሽ ብላ ሳቀችብኝ። እና ቀጠሮው አለፈ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ያችን ብርጭቆ ገበያ ይዣት ወጣሁ። ላሳያቸው ነዋ። ከቅቤው አጠገብ አኖርኋት። ፀሐይዋ በረታች፤ ቅቤዬን ወደ ጥላው ስስብ ብርጭቆዋን ፀሐይ ላይ ረሳኋት። አንዲት ደንበኛ መጥታ እስቲ ያንን ያወጣሽውን አሳዪኝ ብትለኝ፣ አንዱን ጠጠር በሁለት ጣቴ አነሳሁላት።

ልጄ፣ አውራ ጣቴ ሰመጠ።

ሴትዮዋ ምነው ትለኛለች። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ዘይት ዘይት አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሞራ የገባበትን ቅቤ፣ ሙዝ የተለወሰበትን ቅቤ፣ በዚህች ጣት ለይቻለሁ። ታዲያ በሰው ቅቤ ያመንኋትን ጣት በራሴ ላይ ልካዳት? ሴትዮዋን ሸኘሁና ከሻይ ቤቱ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ አስመጣሁ። ከመንገዱ አንድ ጠጠር አንስቼ አጥቤ ከተትሁ፣ ከእኔም አንዱን ከተትሁ። የመንገዱ ታች ተቀመጠ። የእኔው ላላ፣ ላላና ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ወጥ ቅቤ ዓይን ዓይን እየሠራ ተንሳፈፈ። ለካ ያ ሁሉ ገንፎ የተበላበት ጠጠር ያው የጠጣሁት ዘይት ኖሯል። ሆዴ ከሎሚው ጋር አድቦልቡሎ መልሶ ሰጠኝ። ጠጠሬስ? ጠጠሬማ እዚያው ቤቱ ተቀምጧል። እና በዚያው ማታ ጨበጠኝ።

አሁን እዚህ ላይ፣ ዝም ማለት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ብርጭቆዋን መድፋት ነው። እንዲያውም ደፋኋት። ግን የሻረግ አለች፤ ዳባት ላይ ጠጠሬ ወጥቷል ብላ ቅቤ እየበላች። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ወረድሁ። የሻረግ ተኝታለች። ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው አለች፤ ዓይኗ ግን እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጎንደር እንሂድ አልኋት። «እታለም፣ ይሄማ የወፍ በሽታ ነው። ጠጠሩ ወጥቶልኛል። የወፍ በሽታ ደግሞ መርፌ አይወድም» አለችኝ። ከአምባራስ በኩል ሥር የሚያውቅ ሰው ይመጣል ተብላ እየጠበቀች ነው። ጠጠሩ አልወጣም፣ ያወጣነው ዘይት ነው ብላት አልሰማ አለችኝ። የእኔ ካንቺ ቢበዛ ጊዜ ቀናሽ አለችኝ። ታምኚኛለሽ? ቀናሽ አለችኝ።

ያኔ «ብርጭቆሽን አምጪ» አልኋት። ከራስጌዋ ነበረች፤ እሷም እንደኔው ታሳይበት ነበር። አንዱን መዳፏ ላይ አኖርሁላት። የዳባት ብርድ ታውቂው የለ፣ አጠንክሮታል፤ እውነተኛ ድንጋይ ነው የሚመስል። «ጨብጠሽ አሙቂው። ከዚያ እንደ ጠጠር ሳይሆን፣ ሰው ግዢኝ ብሎ እንዳመጣልሽ ቅቤ አድርገሽ ያዥው» አልኋት። ጨብጣው ቆየች። መዳፏን ከፈተችና አውራ ጣቷን ጫነችበት። ጣቷ ሰመጠ።

ጣቷን አየች፣ እኔን አየች።

«እታለም፣» አለችኝ፣ «ይሄን ገበያ ቢያመጡልኝ አልገዛውም።»

«እኔ ግን ሸጥሁልሽ» አልኋት።

ነጠላዋን አለበስኋት፣ ልጇ ደግፎ መኪና ላይ አወጣልን፣ በዚያው ቀን ጎንደር ገባን። ጠጠሩ ከከረጢቱ ወጥቶ መተላለፊያውን ዘግቶት ኖሯል፤ ቢጫው የመጣው ከዚያ ነው። ሐኪሞቹ ይህን የሚያክል ቀን ምን ስትሠሩ ቆያችሁ ሲሉ፣ የሻረግ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኋት፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋት አልሁ። ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ ለማርያም ተሳልሁ፦ ይህችን ሴት ከነነፍሷ ካወጣሽልኝ እኔም ከዚያ ቢላ አልሸሽም ብዬ። ወጣች። ቃል ቃል ነው፤ እሷ ሳትነሳ እኔ ከጎኗ ተኛሁ። ይኸው ጠባሳው። ነዪ፣ ነዪ እዪው፣ አትፈሪ። አሁን ቅቤ እበላለሁ። የሻረግም ትበላለች፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝታዋለች።

እና ዶክተሩን የእኔን ጠጠር ስጠኝ ብዬው በዚህች ብልቃጥ ሰጠኝ። ሦስት ናቸው። እስቲ ጽሕፈቱን ተዪውና ያዥ። አንዱን አውጪው። በአውራ ጣትሽ ጫኚው። በጥፍርሽም። ሰመጠ? አይሰምጥም። ይህ ነው ጠጠር። ይህን ሎሚ አያወጣውም።

ታዲያ እስከ ዛሬ ሰው፣ አንጓች ጠጥታ አወጣችው ይላል። ገንፎ ያመጡልኝን ሁሉ ከቤት ቤት እየዞርሁ ዘይት ነበር ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዷማ እንግዲያ ገንፎዬን መልሺልኝ አለችኝ። አገንፍቼ ወሰድሁላት። ግን ወሬው አልተመለሰም፤ ያው አንቺም እሱን ሰምተሽ ነው የመጣሽ። እኔ ስድስት ልጅ ወልጃለሁ፤ አርባ ዓመት ምንም ያልተቀላቀለበት ቅቤ ሸጫለሁ። ከዚህ ሁሉ የምኮራው ግን በዚያች በዳባቷ እሑድ ነው። የማይሆን ቅቤ ሸጦ፣ ገዢው ሳያውቅበት፣ ራሱ ከገዢው ደጅ ሄዶ ዕቃዬን መልሱልኝ ያለ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? ካላየሽ እዪኝ። ይኸው ተቀምጫለሁ።

በይ አሁን፣ ከገባሽ ጀምሮ በእግርሽ ወደ መደቡ ሥር የምትገፊው ፌስታል ውስጥ ምን አለ?

ዘይት ነው፣ እማማ፣ አልኳቸው። ሎሚም አለው።

ሳቁ። ሎሚውን ለሻይ ተዪልኝ አሉኝ።

ሎሚዎቹን ትቼላቸው ቤቴ ገባሁ። ልጄን አጠብኳት። የጠርሙሱን ክዳን ከፈትኩና ዘይቱን መዳፌ ላይ አሙቄ ከአንገቷ እስከ እግሯ ጣቶች አሸኋት። እየሳቀች ተንሸራተተችብኝ። እሷን ካስተኛሁ በኋላ የቀጠሮውን ወረቀት ከሣጥኑ ግርጌ አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።