አክስት ቹቻ ማን ናት?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት የአሜሪካ የቄራ ከተማ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለ የጋዜጣ ቢሮ፦ ጋዜጣው ግራው ገጽ በስፓኒሽ፣ ቀኙ በእንግሊዝኛ የሚታተም የሰፈር ሳምንታዊ ነው፤ አሮጊቷ ዓምደኛ ዶኛ (ወይዘሮ) ሬሜዲዮስ ወንበር ላይ ናቸው፣ የቄራው የፈረቃ አለቃ የነበረው ሩቲሊዮ ብረት ይዞ ቆሟል፣ የእንግሊዝኛው ገጽ ዓምደኛ ፌርሚን በጓሮው ክፍል ወለሉ ላይ ተዘርሮ ያቃስታል።

ሬሜዲዮስ፦ ስልኬን መልስ አልኩህ! ልጁ በገዛ ደሙ እየታፈነ ነው፤ አምቡላንስ ልጥራ!

ሩቲሊዮ፦ ስም ይንገሩኝና ይጥሩ፤ በጋዜጣችሁ የጻፈችብኝ አክስት ቹቻ ማን ናት?

ሬሜዲዮስ፦ መንጋጋውን ሰብረህ ነው ስም የምትጠይቀው? በየትኛው አፉ ይመልስልህ?

ሩቲሊዮ፦ ለዚህ እኮ ነው እርስዎን ያልነካሁት። አንድ አፍ ተርፎኛል።

ሬሜዲዮስ፦ ወይ ጨዋነት! «እርስዎ» እያልክ ቢሮዬን አፈራረስከው!

ሩቲሊዮ፦ ክርስትና ስነሳ ሻማ የያዙልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁም። ግን ደሜን አያፍሉት። ያቺኛዋን ኮምፒውተርም ሰብሬ ልጨምራት?

ሬሜዲዮስ፦ ጨምራት። ጩኸቱን የሚሰማ ይኖራል።

ሩቲሊዮ፦ ታች የዳቦ ቤቱ ማሽን እየጮኸ ነው። ፌርሚን ያን ሁሉ ሲጮህ ማን ደረሰለት?

ሬሜዲዮስ፦ እሺ። እኔ ነኝ። አክስት ቹቻ እኔ ነኝ። በል ምታ።

ሩቲሊዮ፦ እርስዎ? እርስዎ ስለ ሾርባና ስለ ጉንፋን መድኃኒት ነው የሚጽፉት። አገር ያውቃል።

ሬሜዲዮስ፦ ስለ ሾርባ የጻፈ ስለ መጋዝ አይጽፍም ያለህ ማነው?

ሩቲሊዮ፦ የቄራውን ደጃፍ ረግጠው ያውቃሉ? አያውቁም! ያቺ ሴት ግን ሁሉን ታውቃለች። ሥራ እንዲፈጥን ብዬ የሥጋ መቁረጫውን መጋዝ መከለያ ማውለቄን ታውቃለች። ብሎኖቹን ኪሴ ከትቼ ቤቴ መሄዴን ሳይቀር ጽፋዋለች!

ሬሜዲዮስ፦ ሠራተኛህ ኒካኖር በዚያ መጋዝ እጁን ሲያጣስ ብሎኖቹ የት ነበሩ?

ሩቲሊዮ፦ ኒካኖርን አያንሱብኝ!

ሬሜዲዮስ፦ ሙሽራ እኮ ነው። ቀለበቱን የሚያጠልቅበት ጣት የለውም። ሚስቱ በክር አድርጋ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

ሩቲሊዮ፦ አያንሱብኝ አልኩ! አያንሱብኝ!

ሬሜዲዮስ፦ ደብድበው፣ ጠረጴዛ አይሞትም። ቆይ... ሰማህ? ማቃሰቱን አቆመ።

ሩቲሊዮ፦ እያስመሰለ ነው።

ሬሜዲዮስ፦ ፌርሚን! ፌርሚን ልጄ!... እፎይ፣ ይተነፍሳል። ሩቲሊዮ፣ ነፍስ ልታጠፋ ነው። ይገባሃል?

ሩቲሊዮ፦ የእኔንስ ማን አጠፋት? የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎቹ የእሱን ገጽ ይዘው ነው የመጡት። በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁመው አነበቡልኝ። ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን ሥራ በአንድ ቀን አሳጣኝ።

ሬሜዲዮስ፦ እሱ የተረጎመ ነው እንጂ የጻፈ አይደለም። የዚህ ቤት ደንብ እንዲህ ነው፦ በየሳምንቱ አንዷ የሰፈር ሴት አክስት ቹቻ ነኝ ብላ በስፓኒሽ ትጽፋለች፣ ፌርሚን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም። አንዳንዴ ግን ይቀንሳል።

ሩቲሊዮ፦ ምን ቀነሰ?

ሬሜዲዮስ፦ ግራውን ገጽ አንብበዋ።

ሩቲሊዮ፦ ይቀልዱብኛል? ስፓኒሽ ማንበብ እንደማልችል ያውቃሉ። በኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ ስፓኒሽ የተናገረ በማስመሪያ ነበር የሚገረፈው። አፌ እንጂ ዓይኔ አያውቀውም።

ሬሜዲዮስ፦ አውቃለሁ። እናትህ ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም። እሁድ እሁድ አንዱን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እሷ ግራውን፣ አንተ ቀኙን።

ሩቲሊዮ፦ እናቴን እዚህ ምን አመጣት?

ሬሜዲዮስ፦ ሱሪህን የሚያጥብልህ ማነው?

ሩቲሊዮ፦ ምን?

ሬሜዲዮስ፦ ብሎኖቹን ከኪስህ ያወጣ ማነው? እናትህ ኤውላሊያ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያው ቄራ ነው። እንዳየቻቸው የምን እንደሆኑ አወቀች። «መልሰህ ግጠማቸው» ብላ ለመነችህ። አንተ ምን አደረግህ? ሬዲዮውን ከፍ አደረግህባት።

ሩቲሊዮ፦ ውሸት ነው! ይቺን ብረት ያዩአታል? አናትዎን ነው የምከፍለው! እናቴ በገዛ ልጇ ላይ አትጽፍም!

ሬሜዲዮስ፦ እንግዲያው ላንብብልህ፤ ድምፁን ታውቀዋለህ። «መከለያውን ያወለቀውን አለቃ አውቀዋለሁ። የወለድኩት እኔ ነኝ። መንገድ ስንሻገር መኪና እንዳይገጨው እጁን አጥብቄ እይዘው የነበረው ልጅ የሰው እጅ አስቆረጠ። ስትጠይቁት እኔንም ጠይቁኝ።»

ሩቲሊዮ፦ ይሄ... ይሄ በእንግሊዝኛው የለም።

ሬሜዲዮስ፦ ፌርሚን ቆርጦ ጣለዋ። በስፓኒሹ ያነበበው ሁሉ ፈርቶህ አልነገረህም። «አትቁረጠው፣ ይወቅብኝ» ብላ እዚህ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱ አሻፈረኝ አለ። «ካነበበው እጁን ያነሳባታል፤ ከመጣም በእኔ ይምጣ» አለ።

ሩቲሊዮ፦ እኔ እናቴን...

ሬሜዲዮስ፦ አሁን «አናትዎን እከፍላለሁ» ስትል ነበር። ፌርሚንን ስንት ጊዜ ጠየቅከው፣ በዚያ ብረት እየመታህ? «ማን ናት?» አልከው። «አላውቅም» አለህ። ደግመህ መታኸው። አጥንቱ ሲሰበር እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዝም ያለው ለማን መሰለህ?

ሩቲሊዮ፦ ዝም ይበሉ።

ሬሜዲዮስ፦ እሺ፣ ዝም ልበልና ደረጃውን ስማ። በምርኩዝ የሚወጣ ሰው ይሰማሃል? የሚቀጥለውንም ጽሑፍ ዛሬ አመጣለሁ ብላኝ ነበር። እንደቆምክ ቁም፣ ብረቱንም እንደያዝክ። ልጇን አንዴ በዓይኗ ትየው።

ሩቲሊዮ፦ ይኸው ስልክዎ! ይደውሉ፣ ቶሎ ይደውሉ! ዶኛ... ዶኛ ሬሜዲዮስ፣ ቤቱ የጓሮ በር የለውም?

ሬሜዲዮስ፦ አለው። ፌርሚንን የዘረርከው እሱ በር ላይ ነው። ረግጠኸው ውጣ።