በሦስቱ በዓላት የሚከፈተው ቧንቧ

የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
የወንጀል ምርመራ ክፍል
የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ እንዳላማው የሺዋስ ዘመነ
ዕድሜ፦ 61 ዓመት
የትምህርት ደረጃ፦ ዳዊት የደገመ
ሥራ፦ በደጋ ብርሃን ቆዳ ፋብሪካ የጥበቃ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ዋሻ ሚካኤል ቀበሌ
ጉዳዩ፦ በጠበቃ እየሩስ አምደሚካኤል ላይ የቀረበ የወንዝ ውሃ መመረዝ ጥቆማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እሑድ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን ፍቅርአዲስ መንግስቱ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በገዛ ፈቃዴ ነው። ከቀበሌዬ እስከዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ተጉዣለሁ። መርማሪዋ የምሰጠው ቃል በራሴም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ዝም የማለት መብትም እንዳለኝ አስቀድማ ነግራኛለች። እኔም ለአራት ወር ዝም ማለቴ ይበቃል፣ ይጻፍ ብያለሁ። ቃሌን እንዳታሳምርብኝ፣ እንደተናገርኩት እንድታሰፍርልኝም ጠይቄአታለሁ።

ጠበቃ እየሩስ አምደሚካኤል መጋቢት 21 ቀን በጠንበሌ ወንዝ ላይ ኬሚካል ደፍታለች ተብላ ከመጋቢት 24 ጀምሮ ታስራለች። አልደፋችም። ወንዙን ያበላሸው የፋብሪካው ውሃ ነው፤ ቧንቧውን በዚህ በቀኝ እጄ ስከፍት የነበርኩትም እኔ ነኝ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳለሁ።

ፋብሪካው የተሠራው በእኔ የእርሻ መሬት ላይ ነው። መሬቴ ሲወሰድ በምትኩ የጥበቃ ሥራ ተሰጥቶኝ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በአገሬው ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ማለትም መሪ ነኝ። በበዓል ጉዳይ ቀልድ አላውቅም። በየወሩ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 29 ባለ እግዚአብሔርን አከብራለሁ፤ በእነዚህ ቀኖች በሬ ጠምጄም ሆነ ዶማ አንስቼ አላውቅም።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ቀኑን በማላስታውሰው ዕለት የፋብሪካው የምርት ኃላፊ አቶ ሀይለመለኮት ቢሯቸው አስጠርተው፣ ሰው ጨርሶ ወደ ወንዙ የማይወርደው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቁኝ። እሳቸው የሌላ አገር ሰው ናቸው፣ የተማሩ ናቸው። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ጎሽ፣ እኚህ ሰው በዓላችንን ሊያከብሩልን፣ ሠራተኛውንም ሊያሳርፉልን ነው ብዬ አሰብኩ። በጣቴ እየቆጠርኩ ሦስቱን በዓላት ነገርኳቸው። በእነዚህ ቀኖች ልብስ የሚያጥብ የለም፣ መስኖ የሚያጠጣ የለም፣ ከብቱም ወደ ውሃ የሚወርደው ሰው ከቅዳሴ ከተመለሰ በኋላ ነው አልኳቸው። እሳቸው በደብተር ጻፉ። አቦና ሥላሴን፣ ገብርኤልንና ጊዮርጊስንም ልጨምርልዎ ወይ ብላቸው እነዚህ ይበቃሉ አሉኝ።

ታኅሣሥ 12 ቀን የአንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ሰጡኝ። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቧንቧ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ በዚሁ ጓጉንቸር የሚቆለፍ የብረት መዘውር አለ። በሦስቱ በዓላት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንድከፍት፣ አምስት ሰዓት ላይ እንድዘጋ አዘዙኝ። የዝናብ ውሃ ነው ተባልኩ። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ? የሚወጣው ውሃ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚከረፋ ነበር። እኔ ግን ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ቀኑ ተከራከርኩ። በሚካኤል ቀን ሥራ አልሠራም አልኳቸው። ሳቁብኝና «ሙሴ፣ ይሄ እኮ ሥራ አይደለም፤ በር እንደ መክፈት ነው» አሉኝ። ሳስበው በበዓል ቀን የጥጃውን በር እንከፍታለን፣ እሳትም እናነዳለን። እውነትም ሥራ አይደለም ብዬ ከፈትኩ። ለበዓሉ እንዲያ ስጠነቀቅ ለውሃው ሳልጠነቀቅ ቀረሁ።

ጥር 13 ቀን የጎረቤቴ የወይዘሮ እቴናት ሁለት ላሞች አረፋ ደፍቀው ሞቱ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከላሞቹ ሌላ አንዳች የላትም። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው ከብት አለቀ፣ ወንዝ የሚሻገሩ ሕፃናት እግራቸው ቆሰለ። የውሃ መርማሪዎች ሦስት ጊዜ መጥተዋል። የሚመጡት ግን አስቀድመው ደውለው፣ በሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀን ውሃው ንጹሕ ነው። ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ሕመሙ የሚመጣው ሁልጊዜ በበዓል ማግስት ስለሆነ ሰው መልአኩ ተቆጥቶ ነው ማለት ጀመረ። አሁን የምናገረው የማፍርበትን ነው፤ እሱም ይጻፍ። በየካቲት ሚካኤል ማኅበር ላይ ተነሥቼ፣ በመካከላችን በበዓል ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ፣ ይህ መዓት የመጣው በዚያ ሰው ጦስ ነው ብዬ ወይዘሮ እቴናትን በዓይኔ ጠቆምኳት። ላሞቿ ያለቁባትን ሴት በሰው ፊት አዋረድኳት። እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወጣች። ከዚያ ሰባት ቀን ምሕላ አስያዝኩ። ስሰግድ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጠበቃ እየሩስ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። አርባ ሦስት አባወራዎችን ወክላ ፋብሪካውን ከስሳለች፤ ቀጠሮው ሚያዝያ 2 ነው። መጋቢት 12 ቀን ማኅበራችን ላይ መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፉ ሥር ከሰው እኩል ተቀመጠች። ንግግር አላደረገችም። እያንዳንዱን ሰው ከብትህ የሞተው በየትኛው ቀን ነው እያለች ብቻ ጠየቀች። ጥር 13፣ የካቲት 22፣ የካቲት 30 እየተባለ ተነገራት። ሁሉንም ከጻፈች በኋላ ቀና ብላ «ሙሴ፣ ሚካኤልና ማርያም በየወሩ የሚቆጡት በድሃ ላይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «አንቺ ልጅ አፍሽን ያዢ! በቅዱሳን አትቀልጂ!» ብዬ ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ። እሷ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ እንዲህ አለችኝ፦ «አልቀለድኩም። እናንተ ሁላችሁ በዓል ስታከብሩ በዚያ ቀን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ ነው የምጠይቅዎት»። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እኔ መልሼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ፈሪ ሆንኩ።

መጋቢት 21 ቀን እሑድ ተረኛ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ቧንቧውን ከፈትኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጠበቃዋና ወይዘሮ እቴናት ቧንቧው ወደሚወጣበት ወደ ወይራው ሥር ሲወርዱ አየሁ። ከመዘውሩ እስከ ወይራው አርባ እርምጃ ስለሆነ በደንብ ይታየኛል። ጠበቃዋ በእጇ የያዘችው አንድ ቦርሳና ስልክ ብቻ ነበር። ጓንት አጥልቃ አራት ጠርሙስ ውሃ ቀዳች፣ አሸገች፣ በእያንዳንዱ ላይ የወይዘሮ እቴናትን አሻራ አስቀመጠች። ከጀሪካን ደፋች ይባላል፤ ጀሪካን የሚባል ነገር አልነበረም። ስትጨርስ ቀና ስትል አየችኝ፤ እጄ መዘውሩ ላይ ነበር። አልጮኸችም። ለሽማግሌ እንደሚደረገው ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሥታኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሌላው ጥበቃ አማረ ግን ከበሩ ሆኖ አይቷት ስለነበር ለኃላፊው ነገረ።

በታሰረች በማግስቱ መጋቢት 25 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት አቶ ሀይለመለኮት በስሜ የተጻፈ ወረቀት አቀረቡልኝ። ጠበቃዋ ከሰማያዊ ጀሪካን ኬሚካል ስትደፋ አይቻለሁ ይላል። አማረ የራሱን ፈርሟል ተባልኩ። ከፈረምኩ ሴትዮዋ ሚያዝያ 2 ፍርድ ቤት አትቆምም፣ ጠርሙሶቹም ውድቅ ይሆናሉ አሉኝ። መነጽሬን ላምጣ ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ወደ ቢሯቸው አልተመለስኩም። ወረቀቱን ሳይፈረም ለመርማሪዋ አስረክቤአለሁ። እስካሁን ሰውየውን አቶ ስለው የመጣሁት ለወጉ ነው፤ ከዚህ በኋላ አልለውም ተብሎ ይመዝገብልኝ።

መጋቢት 26 ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እኔ በጥበቃ ሥራዬ ላይ እንዳለሁ፣ ሀይለመለኮት ስድስት የቀን ሠራተኞች ሰብስቦ የተቀበረውን ቧንቧ ቆፍረው እንዲያወጡና አፈሩን እንዲደለድሉ አዘዘ። ሁሉም የአገሬ ልጆች ናቸው። የዛሬው ጀምበር አይበቃም፣ ነገ መድኃኔዓለም ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፣ ሰኞ ባለ እግዚአብሔር ነው፣ ማክሰኞ እንጀምራለን አሉት። ለመነ፣ ጮኸ፣ አባርራችኋለሁ አለ። እነሱም ካባረርከን በኋላ ማን ይቆፍርልሃል አሉት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ሙሴ አይደለህ? እዘዛቸው እንጂ!» አለኝ። «ቀኑን በደብተርህ የጻፍከው አንተው ነህ፤ እኔ ምን ላድርግልህ፣ በዓል ነው» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መልስ ያማረልኝ አላስታውስም። ስካቫተር በስልክ ቢጠይቅም የሚደርሰው ማክሰኞ ነው ተብሏል። እሱ ራሱ ዶማ ጨብጦ አያውቅም። ስለዚህ ቧንቧው እስከ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ካለበት አይነቃነቅም።

ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ወይዘሮ እቴናት ቤት ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ላሞችሽን የገደልኩት እኔ ነኝ አልኳት። እሷም «ለኔ አይደለም፣ ለዚያች ለታሰረችው ልጅ ሂድና ተናገርላት» አለችኝ። ይኸው መጥቻለሁ።

ቧንቧውን ማሳየት እችል እንደሆነ መርማሪዋ ለጠየቀችኝ ጥያቄ፦ አዎ እችላለሁ። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ጀምሮ እስከ ወይራው፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው። መርማሪዋ ከተረኛ ዳኛ የብርበራ ፈቃድ ዛሬውኑ እንደምትጠይቅ፣ ነገር ግን በነገው ቀን የሚቆፍር ሰው ከየት እንደሚገኝ ጠይቃኛለች። ነገ ባለ እግዚአብሔር ነው፤ ያውም የመጋቢቱ። እኔ ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ቀን አፈር ጭሬ አላውቅም። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዶማዬን ይዤ መዘውሩ ዘንድ እገኛለሁ፤ የምቆፍረው እኔ ነኝ። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ሲመለስ ያየኛል፤ ይየኝ። ሙሴነቴን ቢወስዱብኝም ይውሰዱ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በበዓል ስሠራ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ሥራ አይደለም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ነው እንጂ።

ወንጀለኛ ነህ ከተባልኩ እታሰራለሁ፤ አልሸሽም፣ ቤቴም ይታወቃል። ግን ከነገ በኋላ ይሁን። ነገ ሥራ አለኝ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነቦልኛል። የተናገርኩት ነው፤ ያልተናገርኩት አልገባበትም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ተስፋ አልሰጠኝም። ፍርድ ቤት ቀርቤ በሚካኤል ፊት እንደምቆም ሆኜ ይህንኑ እደግመዋለሁ። ፊደል ስለማውቅ አሻራ ሳይሆን ስሜን በእጄ ጽፌ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ እንዳላማው የሺዋስ

ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ፍቅርአዲስ መንግስቱ

ከምስክሩ የተረከብኩት፦ ያልተፈረመ የምስክርነት ወረቀት አንድ ገጽ፣ የጓጉንቸር ቁልፍ አንድ።