ሴላ ነኝ ያለው ሰውና የወንድሜ ሸሚዝ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ቶአካሴ ሐቬአ
ዕድሜ፦ 16
የትምህርት ደረጃ፦ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠች
ሥራ፦ ከአክስቷ ጋር ሰሌን ትሠራለች
አድራሻ፦ ቶንጋ፣ ቫቫኡ ደሴት፣ ሌይማቱአ መንደር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ኔያፉ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኞ ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ኢሌይሴ ማኑ
አብረው የተገኙት፦ ካሎላይኔ ሐቬአ፣ የምስክሯ አባት እህት

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ለአካለ መጠን ስላልደረስኩ ቃሌን የምሰጠው አክስቴ ካሎላይኔ አጠገቤ ተቀምጠው ነው። ማንም አላስገደደኝም። መናገር ከከበደኝ ጽፌ እንድሰጥ ሳጅኗ ፈቅደውልኝ ነበር፤ እኔ ግን በአፌ ልናገረው ብያለሁ።

አባቴና እናቴ ለፍራፍሬ ለቀማ አውስትራሊያ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የምኖረው በአክስቴ ቤት ነው። የ19 ዓመቱ ወንድሜ ፔኒሲማኒ የሚያድረው በዚያው ግቢ ለብቻዋ በተሠራችው ትንሽ ቤት ነው።

ሰኔ 26 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በስልኬ በምከታተለው የመዝሙር ቡድን ውስጥ ሴላ የምትባል ልጅ ጻፈችልኝ። 16 ዓመቷ እንደሆነ፣ ወላጆቿ ቶንጋውያን ቢሆኑም እሷ ኦክላንድ ተወልዳ እንዳደገች ነገረችኝ። በፎቶዋ ላይ የምትታየው ፀጉሯን ለሁለት የተጎነጎነች ልጅ ናት። በቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅ ስለመሰለኝ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንጻጻፍ ነበር። እኔ በሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ስንዘምር እንኳ የምቆመው ከኋላ ነው። ሴላ ምን እንደማስብ ትጠይቀኝ ነበር። እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ይህን የምናገረው ለምን መጻጻፉን እንደቀጠልኩ ስለተጠየቅኩ ነው።

በቪዲዮ እንድንተያይ ሁለት ጊዜ ጠይቄያት ካሜራዋ እንደተሰበረ ነገረችኝ። ድምጿን እንድትልክልኝ ስጠይቃት ጉሮሮዋን ታማ ነበር። ጉሮሮዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልዳነም። በቶንጋኛ ስጽፍላት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ኦክላንድ ያደጉት ብዙዎቹ እንዲህ ስለሆኑ ለሁሉም ሰበብ እየፈለግኩላት አለፍኩት። መንደሬን፣ የወንድሜን ስምና የሚጫወትበትን የራግቢ ቡድን፣ አክስቴ ስንት ሰዓት ገበያ እንደሚወጡ ነግሬያታለሁ። እሷ ስለራሷ ከነገረችኝ ውስጥ ግን አይቼ ያረጋገጥኩት አንድም ነገር የለም።

ማክሰኞ ነሐሴ 2 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ልብስ ከገመድ ላይ ሳነሳ፣ የወንድሜን ቀይ የራግቢ ሸሚዝ ከቀሚሴ ላይ ደርቤ ራሴን ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የወንድሜ ቡድን አሸንፎ መንደሩ ሁሉ ሲጨፍር እኔ ከመስኮት ሆኜ ነበር ያየሁት። ሸሚዙን ስለብስ እኔም ከመሀል የነበርኩ መሰለኝ። ፎቶውን ለሴላ ላክሁላት። ወዲያው ደነገጥኩና «እባክሽ ለማንም እንዳታሳዪ፣ የወንድሜ ሸሚዝ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሷም «ታዲያ የወንድምሽ ቢሆንስ? የሰረቅሽው አስመሰልሽው እኮ!» ብላ መለሰች።

እኔም አስረዳኋት። ካደግን ወዲህ ከወንድሜ ጋር በአንድ ክፍል ፊልም እንደማናይ፣ በእሱ ፊት የፍቅር ወሬ እንደማይወራ፣ አልጋው ላይ እንደማልቀመጥ፣ ልብሱንም እንደማልለብስ ጻፍኩላት። ፎቶውን ቢያይ እንደማይመታኝ፣ ግን አፍሮ ዓመት ሙሉ ወደ እኔ ቀና ብሎ እንደማያይም ጨመርኩ። የምመታበትን ዱላ ቆርጬ ለሴላ ያቀበልኩት እኔው ነኝ።

ሐሙስ ነሐሴ 11 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በስልኬ የደረሰኝ መልእክት ይህ ነው፦ «በጀልባ መጥቻለሁ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ወደቡ ላይ ብቻሽን ነይ። ከቀረሽ ፎቶው ለፔኒሲማኒ ይደርሰዋል። ለሰው ብትናገሪም ይደርሰዋል።» አልመለስኩም። ግን ለመሄድ ወስኜ ነበር። ይህም ይጻፍልኝ።

አርብ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ሰሌን እየሠራን ሳለ ቅዳሜን እያሰብኩ አላልቼ ሠራሁ። አክስቴ ሥራዬን አንስተው ወደ ብርሃን እያዩ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰሌን ነው የዓሣ መረብ? እኔ ራሴ በቀዳዳው አልፌ እወጣለሁ እኮ» አሉኝ። አክስቴ ወፍራም ሴት ናቸው፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ፈትቼ እንደገና ስሠራ ባለፈው የገና በዓል ከኦክላንድ የመጣችው ዘመዳችን ትዝ አለችኝ። በቁምጣ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ የነበረች፣ ከሰላምታ በቀር ቶንጋኛ የማትችል ልጅ ናት። ቴሌቪዥን እያየች ሳለ ወንድሟ ሲገባ ግን ማንም ሳይነግራት ሳህኗን ይዛ ብድግ ብላ ወጣች። ቋንቋው የጠፋባት ልጅ ይህ አልጠፋባትም። «የወንድምሽ ቢሆንስ?» ብላ የምትጠይቅ የቶንጋ ልጅ የለችም። ያን ጊዜ ሴላ የምትባል ልጅ እንደሌለች አወቅኩ።

ወደቡ መሄዱን ተውኩት። ዱላው የሚሠራው ወንድሜ እስካላወቀ ድረስ ብቻ መሆኑም ገባኝ። ስለዚህ ይወቅ አልኩ። ለእሱ በቀጥታ ልነግረው አልችልም። አክስቴ ግን ይችላሉ፤ አባቴ እንኳ በእሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ቃል ስላልወጣኝ ስልኩን ከፍቼ ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩላቸው።

አክስቴ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡ። «በሸሚዝ ነው እንዲህ የገረጣሽው? እኔ በአንቺ ዕድሜ የአባትሽን ሱሪ ለብሼ ኮኮናት ዛፍ ላይ ወጥቻለሁ። ይሄን ለአባትሽ ብትነግሪ ግን በዚህ ሰሌን ጠቅልዬ ነው የምሸጥሽ» አሉኝ። ከዚያ የሐሙሱን መልእክት ሲያነቡ ሳቃቸው ቆመ። «ይሄ ቀልድ አይደለም። ተነሺ» አሉ።

ወንድሜ ግቢ ውስጥ ጎደሬ ይልጥ ነበር። አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከውስጥ ከግድግዳው ጀርባ ቆምኩ። ሁሉንም ነገሩት። የቢላዋው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። በኋላ ወንድሜ «አክስቴ፣ ይንገሩልኝ፤ ያ ሸሚዝ ጠቦኛል። ካለፈው ወር ጀምሮ የእሷ ነው» አለ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረው «ሸሚዙ ያንቺ ነው ይላል» አሉኝ፤ ሰምቼዋለሁ። «አልጠበበውም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ለብሶት ተጫውቷል ይበሉልኝ» አልኩ። «ዝም በይ! ሲሰጡሽ ተቀበይ» አሉኝ። ወንድሜ ቢላዋውን እንደያዘ ወደ ወደብ ሊሄድ ተነሳ። «ቢላዋውን አስቀምጥ። ጎደሬው መች አለቀና! ወደብ የሚሄደው ፖሊስ ነው» አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ።

በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ ከአክስቴ ጋር ወደዚህ ጣቢያ መጣን። መልእክቶቹን አላጠፋሁም ነበር። አክስቴ «አቃጥዪው ይሄን ቆሻሻ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ያሳፈረኝን ጭምር ሁሉንም ለሳጅን ኢሌይሴ አሳየሁ። በእሳቸው ፈቃድ ለሴላ «እመጣለሁ» ብዬ መለስኩ።

ቅዳሜ ነሐሴ 13 ቀን ከቀኑ 9፡30 ጀምሮ ወደቡን ፊት ለፊት በሚያየው የአክስቴ የሰሌን መሸጫ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሳጅኗ የአበባ ቀሚስ ለብሰው አጠገቤ ሐብሐብ ይሸጡ ነበር፤ ሁለት ሸጠዋል። ወደቡ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ነበሩ። ልክ 10 ሰዓት ሲሆን «ደርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን የውጭ አገር ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብዬ ጥቂት ቆየሁና «አላየሁሽም» ብዬ ጻፍኩ። ያው ሰው እንደገና አየ። ጣቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ወዲያው ስልኬ ላይ «ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው አባቴ ነው፣ ወደ ጀልባችን ያመጣሻል» የሚል ደረሰኝ።

ሦስተኛውን የጻፍኩት ማንም ሳይነግረኝ ነው። «ወንድሜ ስለ ፎቶው ያውቃል» አልኩ። ሰውየው አነበበና ወዲያው ወደ ጎማ ጀልባው በሚያወርደው መሰላል መውረድ ጀመረ። የሳጅኗ ባልደረቦች መሰላሉ ላይ ያዙት። ሰውየውን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም፤ ስሙንም የሰማሁት ከፖሊስ ነው።

ሌሎች ሁለት የመንደራችን ልጆችም ሴላ ነኝ ከሚለው ሰው ጋር ሲጻጻፉ በመዝሙር ቡድኑ ውስጥ አይቻለሁ። ትናንት እሑድ ከጸሎት በኋላ ሁለቱንም ጠርቼ በአፌ ነገርኳቸው። አንደኛዋ አለቀሰች፤ የምትጠራ ከሆነ አብሬያት እመጣለሁ። አክስቴ ስሜ ባይጻፍ ይሻላል ብለው ነበር። እኔ ይጻፍ ብያለሁ። ፍርድ ቤት ብጠራም እቀርባለሁ፤ ከኋላ አልቆምም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሁለት ቦታ አሳርሜያለሁ። ያልሆነ አልጨመርኩም፣ ያፈርኩበትንም አላስቀረሁም፤ እውነት ስለመሆኑ እፈርማለሁ። ነሐሴ 2 ቀን የተነሳው ፎቶ በማስረጃነት ተያይዟል። በፎቶው ላይ የሚታየው ቀይ ሸሚዝ የማን እንደሆነ ለመዝገብ ተጠይቄ፣ የእኔ ነው ብያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቶአካሴ ሐቬአ
አብረው የተገኙት፦ ካሎላይኔ ሐቬአ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ኢሌይሴ ማኑ