የአባት ስም የሌለው ፍለጋ

ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሲስተሙ እየተንቀረፈፈ፣ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሰው ያጉረመርም ጀመር። ዳታቤዙን ስመረምር ጣጣው አንድ ፍለጋ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሰው በየቀኑ «አንለይ» ብሎ ብቻ ይፈልጋል፤ የአባት ስም የለ፣ የካርድ ቁጥር የለ። በቃ፣ ኮምፒውተሩ የሁሉንም ቅርንጫፍ መዝገብ ከጥግ እስከ ጥግ ያስሳል። ፈላጊዋ የካርድ ክፍሏ እትዬ አስካለ ናቸው። ንድድ ብሎኝ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ቢያንስ የአባቱን ስም ቢጨምሩበት ምን ነበር?»

«ልጄ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከአባቱ ተጣልቶ ነው የጠፋው፤ በአባቱ ስም ላይመዘገብ ይችላል። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችንም ፈርሷል፤ ቢመለስ አያገኘንም። ምናልባት ታሞ አንዱ ቅርንጫፍ ከመጣ ብዬ ነው።»

አፈርኩ። ሌላ የማደርግላቸው ባጣ፣ በስም ሲፈለግ ቶሎ እንዲያገኝ ኢንዴክስ የሚሉትን የስም ማውጫ ሠራሁላቸው። በማግስቱ ምስጋና ቢጤ ጠብቄ ጎራ አልኩ።

«ፈጥኗል» አሉኝ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «በፊት ኮምፒውተሩ እስኪፈልግልኝ እኔም ትንሽ ተስፋ እያደረግኩ እቆይ ነበር። አሁን ገና ከመጫኔ የለም ይለኛል።»