በግድግዳ በኩል የሰማሁት የጌዲ ኦርጋን

የምስክር ቃል (ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ተስፋነሽ ዳና
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ መውጫ
ሥራ፦ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የክር ክፍል ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን ዱርሲቱ ዋቆ

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ ምስክር፣ ከትናንት በስቲያ ረቡዕ በዚሁ ጣቢያ ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ ምክንያት እዮብ ሳሙኤል የተባለ የ29 ዓመት ሰው ኦርጋን ሰርቋል ተብሎ ታስሯል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ስለሰማሁ፣ ማንም ሳይጠራኝ ከሥራ ቀርቼ ቃሌን ላርም መጥቻለሁ።

የጠፋው ኦርጋን የሟች ባለቤቴ የጌዲ ነበር። ጌዲ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። በቤተ ክርስቲያናችን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ይጫወት ነበር፣ እኔ ደግሞ እየመራሁ እዘምር ነበር። ኦርጋኑ አሮጌ የጃፓን ሥራ ሲሆን፣ ከመሃል አንዲት ነጭ ኪ ነበረችው፤ ጣት ከነካት በኋላ ትንሽ ቆይታ ነው የምትጮኸው። ጌዲ አስጠግናት ሲባል እምቢ አለ። እኛም እሷ ጋ ስንደርስ ትንፋሽ መውሰድ ለመድን። እስከ ዛሬ መዘምራኑ እዚያች ቦታ ላይ ይተነፍሳሉ፤ አዲሶቹ ለምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

ጌዲ ከሞተ ወዲህ አልዘመርኩም። በእሱ ቦታ እዮብ የራሱን ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ብዙ ዓይነት ድምፅ እየቀመሙ የሚያወጡበትን ኪቦርድ፣ ይዞ መጣ። የጌዲ ኦርጋን ዕቃ ቤት ገባ። እዮብ እንድዘምር ሁለት ጊዜ ለምኖኛል፤ ሁለቴም «በዚህ ቆርቆሮ አልዘምርም» ብዬ መልሼዋለሁ። አነጋገሬ ክፉ ነበር።

እሑድ ጥር 18 ቀን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተሰብሮ ኦርጋኑ ጠፍቶ ተገኘ። ረቡዕ ጥር 21 ቀን ከቀኑ 10፡30 ገደማ ከፋብሪካ ስመለስ፣ እዮብ በተከራየበት ቤት አጥር ሥር ሳልፍ በግድግዳው በኩል የጌዲን ኦርጋን ሰማሁ። መዝሙሩ ያቺ ኪ ጋ ሲደርስ ዘገየች፤ እኔም መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ድሮዬ ትንፋሽ ወሰድኩ። አለቀስኩ። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ፤ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

ቤቱ ሲፈተሽ ሲንተሳይዘሩ እንጂ ኦርጋኑ አልተገኘም። እዮብ ድምፁን ያወጣሁት በዚህ ነው፣ ተጫውቼ ላሳያችሁ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ይዋሻል ያልኩት። ኦርጋኑን ደብቆታል፣ ያቺ ኪ በዓለም ላይ አንድ ናት፣ ጆሮዬ አይሳሳትም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።

ትናንት ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ኦቦ ሞቱማ ቤቴ መጡ። እሳቸው ቡራዩ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ቁጭ ሳይሉ «አዴ ተስፋነሽ፣ ሰውየውን በምን ምልክት ነው ያሳሰርሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ኪዋ ዘገየች?»

«አዎ፣ ዘገየች።»

«እንግዲያስ የሰማሽው የጠፋውን አይደለም።»

ኦቦ ሞቱማ እንዳስረዱኝ፣ ኦርጋኑ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አቧራውን እንዲያጸዱ ሰጥተዋቸው፣ ከኪዋ ሥር ያለችውን ያለቀች ጎማ ለውጠውላታል። ከዚያ ወዲህ ያቺ ኪ ዘግይታ አታውቅም። እኔ ከቀብሩ በኋላ ኦርጋኑ አጠገብ ደርሼ ስለማላውቅ መጠገኗን አልሰማሁም። መጀመሪያ ማን ፈቀደልዎ ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ነገሩ ገባኝና ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ነጻ ሊያወጣው በሚገባው ምልክት ሰው አሳስሬአለሁ። እህል ሳልቀምስ አደርኩ።

ዛሬ ከኦቦ ሞቱማ ጋር መጥተን፣ እሳቸው ያወጧትን አሮጌ ጎማ ለሳጅን ዱርሲቱ አስረከቡ። በኤግዚቢትነት የተያዘው ሲንተሳይዘር ጠረጴዛ ላይ ተሰካ፣ እዮብም ተጠራ። እኔ እንደዚያን ዕለት በግድግዳ በኩል እንድሰማ ብዬ ኮሪደር ላይ ቆምኩ፤ በሩ ተዘጋ።

የሰማሁት የጌዲን ኦርጋን ነው። ኪዋም ዘገየች። በሩን ከፍቼ ስገባ ያ ቆርቆሮ ያልኩት ነበር የሚጫወተው።

እዮብ ሳጅኗ ስትጠይቀው እንዲህ ብሎ አስረዳ። ድምፁን ያገኘው መዘምራኑ በ1999 ዓ.ም. ከቀዱት ካሴት ነው። ሦስት ወር ፈጅቶበታል። መጀመሪያ ዋሽንት የሚመስል ለስላሳ ድምፅ መረጠ፣ ጆሮ የሚወጋውን ቀነሰ፣ ከኋላው መንቀጥቀጥ ጨመረበት። አንዷ ድምፅ ስትዘገይበት ካሴቱ ተበላሽቶ መስሎት ነበር። በየመዝሙሩ የምትዘገየው ያቺው አንዷ መሆኗን ሲያይ ግን የኦርጋኑ ጠባይ ነው ብሎ እንዳለች አስገባት። ይህን ብሎ አንድ ማዞሪያ ነካ፤ ኪዋ ሳትዘገይ ጮኸች። መለሰው፤ ዘገየች። በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን አይተናል።

ይህን ሁሉ ምን አደከመህ አልኩት። «እትዬ፣ በቆርቆሮ አልዘምርም ስላሉኝ ነዋ» አለኝ። አፈርኩ። እዚያው ይቅርታ ለመንኩት። እሱ ግን ሳቀና «የእርስዎን ጆሮ ካሳሳትኩማ ሥራዬ ተሳክቷል» አለኝ። ሳጅን ዱርሲቱ ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብላኝ ነበር፤ ይገናኛል ስላልኩ ተጽፏል።

እውነተኛው ኦርጋን አሁንም አልተገኘም። ኦቦ ሞቱማ በአሮጌዋ ምትክ ያስገቧት ጎማ ከሌላ ዕቃ የተወሰደች ሰማያዊ ስለሆነች፣ ከመሃል ያለችው ነጭ ኪ ስትነሳ ከሥሯ ትታያለች። በዚህ ምልክት እንዲፈለግልኝ እጠይቃለሁ። እዮብ ግን ከእሑድ በፊት እንዲፈታ እለምናለሁ።

ረቡዕ የሰጠሁት ቃል ውስጥ ሰማሁ ያልኩት እውነት ነው፤ ሰረቀ ያልኩት ሐሰት ስለሆነ ይሰረዝልኝ። ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል፤ የተናገርኩት ነው፣ ያስገደደኝም የለም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተስፋነሽ ዳና
የታዛቢ ፊርማ፦ ሞቱማ ገመዳ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ዱርሲቱ ዋቆ

ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ እንዲጨመርላቸው የጠየቁት፦ እዮብ ኪዋን ላስተካክላት ወይ ብሎኝ ነበር። እንዳይነካት ነግሬዋለሁ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እዘምራለሁ፤ ትንፋሽ የምወስደው እሷ ጋ ነው።

በድጋሚ የተፈረመ፦ ተስፋነሽ ዳና